በሰም የተላከ ድምፅ፦ ዐፄ ምኒልክና የፎኖግራፉ መልእክት

እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን ወደ መኖሪያ ቤቶች የገቡት ትንንሽ ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ ከጀርባቸው ወይም ከበላያቸው አንድ ጠባብ ቀዳዳ ነበራቸው። በዚያ ቀዳዳ የሚሰካው የፕላስቲክ ሣጥን ካርትሪጅ ይባላል። ፕሮግራሙ በሣጥኑ ውስጥ ባለው ቺፕ ላይ ተቀርጾ ስለሚመጣ፣ ኮምፒዩተሩ ሲበራ ወዲያው ሥራውን ይጀምራል፤ አንዱ ሲነቀል ሌላው በቦታው ይተካል። አታሪ 800፣ ኮሞዶር 64 እንዲሁም ኤም ኤስ ኤክስ የሚባሉት ሁሉ በዚህ ዘዴ ተጠቅመዋል። አንድን ፕሮግራም ከካሴት ላይ ለመጫን ብዙ ደቂቃ መጠበቅ ግድ በነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ሆኖም ባለቤቱ የራሱን ሥራ ሊጽፍበት አይችልም፤ ለአንዱ መሣሪያ የተሠራውም በሌላው አይሰካም። ሊጻፍበት የሚቻል ካርትሪጅ የፈለገ ሰው እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣውን የሲንክሌር ማይክሮድራይቭ መግዛት ይችል ነበር። በዚያች የአውራ ጣት ያህል በምታክል ሣጥን ውስጥ፣ ጫፍና ጫፉ የተጋጠመ አምስት ሜትር ያህል ቀጭን ቴፕ እየተሽከረከረ ቢያንስ 85 ኪሎባይት ይይዛል። ይሁን እንጂ ቴፑ ይለጠጣል፤ አንዱ ማይክሮድራይቭ የጻፈውን ሌላው ማንበብ የሚቸግረው ጊዜም ጥቂት አልነበረም።

በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ የተነሣው ክርክር በመሠረቱ አንድ ነው። ከመሣሪያው ተነቅሎ የሚሄድ መዝገብ ጥቅሙ የሚለካው በሚይዘው መጠን ነው ወይስ በደረሰበት ቦታ በሚጠብቀው መሣሪያ? ይህ ጥያቄ ከኮምፒዩተር ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። በአገራችን ከ1890 ዓ.ም. ጀምሮ በቤተ መንግሥት ደረጃ በተግባር ታይቷል፤ ያየውም በዘመኑ ለመሣሪያ ካላቸው ፍቅር የተነሣ ስማቸው የሚነሣው ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ነበሩ። የንጉሡ የጦርነትና የአስተዳደር ታሪክ በብዙ እጅ ተጽፏል። በጥቂት ሰም ላይ የተቀረጸው ድምፃቸው ግን በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው። አባታቸው ኃይለ መለኮት የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ሲሆኑ፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ይባላሉ። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ በዘመቱበት ወቅት ኃይለ መለኮት ታመው ሞቱ፤ ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የነበሩት ምኒልክም ተይዘው ወደ ሰሜን ተወሰዱ። አሥር ዓመት ያህል በቴዎድሮስ ዙሪያ አደጉ። ቴዎድሮስ በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ እስከማሠራት የደረሱ ንጉሥ ነበሩና፣ በዚያ ግቢ ያደገ ልጅ የመሣሪያን ነገር ሳያስተውል አልቀረም። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምባ አምልጠው ሸዋ ገቡ፤ የአባታቸውንም ዙፋን ያዙ።

ከዚህ በኋላ የነበሩት ዓመታት ግዛትን በማጠናከርና መናገሻን ከቦታ ወደ ቦታ በማዛወር አለፉ። በ1870ዎቹ ምኒልክ የእንጦጦን ተራራ መርጠው ሰፈሩ። እንጦጦ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ዙሪያውን አሻግሮ ለሚመለከት የጦር አለቃ የተመቸ ቦታ ነው። ለኑሮ ግን አስቸጋሪ ነበር። ብርዱ ይጠናል፤ ነፋሱ አያርፍም፤ ውሃው ሩቅ ነው፤ እንጨቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። እቴጌ ጣይቱ በፍልውሃ አካባቢ ባለው ሜዳ ደስ ተሰኝተው በ1879 ዓ.ም. ቤት ማሠራት ሲጀምሩ የአዲስ አበባ ታሪክ ተጀመረ። ምኒልክ ግን ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ የደፉት በዚያው በተራራው ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ነው። ዛሬ ከየካ ክፍለ ከተማ ወደ ላይ ሲመለከቱ የሚታየው የባሕር ዛፍ ደን ያን ጊዜ አልነበረም። ዛፉ የገባው የማገዶው እጦት ባስጨነቀበት በ1880ዎቹ ማለቂያ ላይ ነው።

እንጦጦ ለምኒልክ የመሣሪያ ትምህርት ቤትም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የስዊስ ተወላጅ የሆኑት መሐንዲስ ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879 ወደ ሸዋ መጥተው ከንጉሡ ጋር ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይተዋል። ድልድይ የሠሩት፣ ከእንጦጦ ግርጌ የመነጨውን ውሃ በቧንቧ ወደ አዲሱ ቤተ መንግሥት ያወረዱት፣ ለባቡር ሐዲዱም ፈቃድ የተቀበሉት እርሳቸው ናቸው። ውሃ በቧንቧ መውረዱ ብቻ ሳይሆን፣ ወርዶ ተመልሶ ሽቅብ መውጣቱ ተመልካቹን ሁሉ አስደንቆ ነበር። ስልክም በዚያው ዘመን መጣ፤ በ1882 ዓ.ም. ራስ መኮንን ከኢጣልያ ሲመለሱ ያመጡት ነው። በሽቦ ውስጥ የሚናገረው ነገር ለአንዳንድ የቤተ ክህነት ሰዎች የርኩስ መንፈስ ሥራ መስሎ እንደ ታያቸው፣ ንጉሡ ግን በሐሳባቸው እንደ ጸኑ ይነገራል።

እዚህ ላይ አንድ ተረት ማንሣት ያስፈልጋል። በውጭ አገር መጻሕፍት ምኒልክ ሰው የሚገደልበትን የኤሌክትሪክ ወንበር ከአሜሪካ አስመጥተው፣ ኤሌክትሪክ በአገሩ አለመኖሩን ሲረዱ ወንበሩን ዙፋን አደረጉት የሚል ጨዋታ ደጋግሞ ይጻፋል። ለዚህ ጨዋታ አንድም ተጨባጭ ማስረጃ አልቀረበም። ከንጉሡ ጠባይ ጋርም አይሄድም። ምኒልክ አንድ መሣሪያ ሲቀርብላቸው በቅድሚያ የሚጠይቁት ምን እንደሚያንቀሳቅሰውና ምን እንደሚጠቅም መሆኑን፣ ቀርበው ያዩዋቸው የዘመኑ መንገደኞች በተለያየ ቋንቋ ጽፈውታል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው የዓድዋ ድል ለአዲስ አበባ አዲስ ዓይነት እንግዳ አመጣላት። በጦር ያልተሸነፈውን ንጉሥ በወዳጅነት ለመያዝ የአውሮፓ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን ተራ በተራ ላኩ። ከእንግሊዝ በኩል ሚስተር ሬኔል ሮድ የመሩት ልዑክ በ1889 ዓ.ም. መጥቶ ውል ተዋዋለ። ቀጥሎም ጆን ሌን ሃሪንግተን የተባሉት መኮንን ነዋሪ ወኪል ሆነው ተሾሙ። ለእንግሊዝ ሌጋሲዮን ምኒልክ የሰጡት መሬት ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ከእንጦጦ ሰንሰለት ግርጌ፣ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በሚባለው ውስጥ የሚገኝ ሰፊ ግቢ ነው። ያን ጊዜ ከቤተ መንግሥቱ እስከዚያ በበቅሎ ሲኬድ መንገዱ ሜዳና ወንዝ ብቻ ነበር። ይህ ግቢ ከዚህ በታች ለሚነገረው ነገር ቅርብ ነው፤ ከምኒልክና ከእንግሊዝ ንግሥት መካከል የተመላለሰው ድምፅ ያለፈው በሃሪንግተን እጅ ነውና።

መሣሪያው ፎኖግራፍ ይባላል። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 ሲፈለስፈው ድምፁ የሚቀረጸው በስስ ቆርቆሮ ወረቀት ላይ ስለ ነበረ፣ ጥቂት ጊዜ ከተደመጠ በኋላ ይበላሻል፤ ከመሣሪያው ከወረደም መልሶ ለመጫን አይመችም ነበር። ጉዳዩን የለወጠው በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጣው የሰም ሲሊንደር ነው። ሲሊንደሩ ባዶ ቱቦ ይመስላል፤ ርዝመቱ 11 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ ከ6 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው። በመሣሪያው ዘንግ ላይ እንደ ቀለበት ይጠለቃል፣ ሲፈለግም ይወልቃል። ሰው በቀንዱ ውስጥ ሲናገር የድምፁ ሞገድ ስስ ሽፋኑን ያንቀጠቅጠዋል፤ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘውም ስለታም መርፌ በሚሽከረከረው ሰም ላይ ፈር ያወጣል። ፈሩ የሚጠልቅና የሚሰልል እንጂ ወደ ጎን የሚወላገድ አይደለም። በኋላ ሌላ ደብዛዛ መርፌ በዚያው ፈር ሲሄድ ሽፋኑ ይርገበገባል፤ ድምፁም ይመለሳል። ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም፤ እንደ ሰዓት የሚጠመዘዝ ሞላ ይበቃዋል። የኤሌክትሪክ መስመር ላልነበረው አገር ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መሣሪያው መስሚያ ብቻ ሳይሆን መቅረጫም መሆኑ ነው። ባለቤቱ መርፌውን ቀይሮ በባዶ ሰም ላይ የራሱን ድምፅ ሊያሰፍር ይችላል። የተቀረጸውን ካልፈለገ የሰሙን ገጽ በስሱ ልጦ እንደገና ይቀርጽበታል፤ የብራና ጸሐፊ የተሳሳተውን ፊደል በቢላ ፍቆ እንደሚያርመው ማለት ነው። ጉድለቱም ግልጽ ነበር። አንድ ሲሊንደር የሚይዘው ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ የሚሆን ንግግር ነው። በተደመጠ ቁጥር መርፌው ፈሩን እየበላው ይሄዳል። ሰሙ በሙቀት ይለሰልሳል፣ በእርጥበት ይሻግታል፣ ከእጅ ካመለጠ ይሰበራል። የመሣሪያዎቹ ፍጥነትም በዚያን ጊዜ ገና አንድ ወጥ አልነበረም፤ በአንዱ ፍጥነት የተቀረጸ ድምፅ በሌላ ፍጥነት ሲደመጥ የሽማግሌው ድምፅ የልጅ፣ የልጁም የሽማግሌ ይሆናል። የማይክሮድራይቭ ባለቤቶች ከስምንት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ያማረሩት ችግር ወንድሙ ይህ ነው።

ንግሥት ቪክቶሪያ ለምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሚደርስ መልእክት በፎኖግራፍ እንዲቀርጹ የተጠየቁት በ1890 ዓ.ም. ክረምት ነበር። ንግሥቲቱ በሐሳቡ ብዙም አልተደሰቱም። በመጨረሻ የተስማሙት መልእክቱ ከተደመጠ በኋላ ሲሊንደሩ እንዲጠፋ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠው ነው። ይህ ቅድመ ሁኔታ የእርጅና ፍርሃት ተደርጎ ቢታይም፣ በጥሞና ሲመረመር ምክንያት ያለው ይመስላል። የንጉሥ ደብዳቤ ማኅተም አለው፤ በፖስታ ይታሸጋል፤ ያልተፈቀደለት ሰው ቢከፍተው ይታወቃል። ሰም ላይ ያለ ድምፅ ግን በር የለውም። ፎኖግራፍ ያለው ሁሉ፣ የገበያ ትርኢት አሳዪ ሳይቀር፣ ጠልቆ ሊያሰማው ይችላል። ተነቅሎ የሚሄድ መዝገብ ከባለቤቱ እጅ ከወጣ በኋላ ማን እንደሚሰማው መወሰን አይቻልም፤ ይህንን ንግሥቲቱ ከብዙዎቹ የመሣሪያው ነጋዴዎች ቀድመው የተረዱ ይመስላል።

ሲሊንደሩ ከእንግሊዝ በመርከብ፣ ከባሕር ጠረፍ ጀምሮ ደግሞ በበረሃ አቋርጦ ወደ ደጋው ወጣ። በቆላው ሙቀት የሚለሰልስ ሰም በጭነት ከብት ጀርባ ላይ ተጉዞ፣ ፈሩ ሳይደፈን፣ ገጹ ሳይሰነጠቅ መድረሱ በራሱ የሚደነቅ ነው። መሣሪያው ባይኖር ኖሮ ግን መድረሱ ከንቱ በሆነ ነበር። ሃሪንግተን ይህን ስላወቁ መልእክቱን ያቀረቡት ከማሰሚያው ጋር ነው። የላኪው ጥንቃቄ በዚህ ነጥብ ላይ ከብዙ የኮምፒዩተር ኩባንያዎች ይሻላል፤ እነርሱ ካርትሪጁን ሸጠው ቀዳዳውን በሚቀጥለው ሞዴል ላይ የሚለውጡ ነበሩና።

ምኒልክ መልእክቱን በታላቅ ክብር ተቀበሉ። ሃሪንግተን ለመንግሥታቸው እንዳስታወቁት፣ ንጉሠ ነገሥቱ የንግሥቲቱን ድምፅ ቆመው አዳመጡ፤ ለክብሩም መድፍ እንዲተኮስ አዘዙ። አንድ ጊዜ ሰምተው አልተዉትም፤ በቀንዱም በጆሮ ማዳመጫ ቱቦውም ደጋግመው ሰሙት። የሰላምታ ቃል፣ ለልዑካኑ ለተደረገው አቀባበል ምስጋና፣ ለሁለቱ መንግሥታት ወዳጅነት መልካም ምኞት ነበር፤ ከዚህ የበለጠ የፖለቲካ ፍሬ አልነበረውም። እንግሊዝኛው ለምኒልክ በአስተርጓሚ ካልሆነ አይገባቸውም። ስለዚህ ደጋግመው የሰሙት ለቃሉ ትርጉም እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የሰሙት ድምፁን ነው፤ በሩቅ አገር የምትኖር ንግሥት በፊታቸው ያለች ያህል መሆኗን ነው። በኢትዮጵያ የነገሥታት ደብዳቤ የሚታመነው በማኅተም ነው፤ ፊርማ ልማድ አልነበረም። የሰው ድምፅ ከማኅተም የበለጠ ለማስመሰል የሚያስቸግር መሆኑን ለመረዳት ብዙ ምርምር አያስፈልግም ነበር።

ከዚያም በውሉ መሠረት ሲሊንደሩ ተሰበረ። ምን እንደ ተባለ የሚታወቀው ጽሑፉ ስለ ቀረ ነው፤ ለኢትዮጵያ ንጉሥ የተላከው የቪክቶሪያ ድምፅ ግን ዳግመኛ አልተሰማም። የኢትዮጵያን ቤተ መንግሥት ምሥጢር አልጠበቀም ብሎ የሚከስ ሰው ካለ ይህን ያስታውስ፤ በአደራ የመጣው ሰም በአደራው መሠረት ጠፍቷል።

ምኒልክ መልሱን በወረቀት ብቻ መስጠት ይችሉ ነበር። ጸሐፊ አላቸው፣ ማኅተም አላቸው፣ መልእክተኛም አልቸገራቸውም። እርሳቸው ግን በመጣበት መንገድ እንዲመለስ ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1899 ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በየተራ በቀንዱ ፊት ሆነው በአማርኛ ተናገሩ። ይህ ከሚታወቁት ጥንታዊ የአማርኛ የድምፅ ቅጂዎች አንዱ ነው። ሁኔታውን በዓይነ ኅሊና ለሚያይ መሐንዲስ ብዙ ነገር ይታየዋል። ማጉያ በሌለበት ዘመን ተናጋሪው ወደ ቀንዱ አፍ ተጠግቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሳይዞርና ሳያቋርጥ መናገር አለበት። ሰሙ እስኪያልቅ ያለው ጊዜ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ሰዓት ሙሉ ችሎት ተቀምጠው ነገር የሚሰሙ፣ ንግግራቸውም በእርጋታ የታወቀ ንጉሥ፣ ሐሳባቸውን በዚያች ጠባብ ልክ ቆርጠው ማዘጋጀት ነበረባቸው። ፕሮግራማቸውን በ8 ኪሎባይት ካርትሪጅ ለማጨቅ አንዲት መስመር ሳይቀር የቆጠቡት የኋላ ዘመን ሰዎች ይህ ጭንቀት ይገባቸዋል።

ጊዜው አጭር ቢሆንም ምኒልክ በሰላምታ ብቻ አልጨረሱትም። የመተማን ጉዳይ አነሡ። መተማ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁበት ቦታ ነው፤ ደርቡሾች ድል ከሆኑ በኋላ የሱዳን ድንበር በየት በኩል ይሁን የሚለው ጥያቄ በአዲስ አበባና በለንደን መካከል ተከፍቶ ነበር። ቪክቶሪያ መሣሪያውን ለአክብሮት ተጠቀሙበት፤ ምኒልክ ደግሞ ለጉዳይ። የልዩነቱ ምንጭ ባሕል ነው ቢባል ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ የሥልጣን ሚዛን ነው፤ ግዛታቸው በአራቱም ማዕዘን በቅኝ ገዥዎች የተከበበባቸው ንጉሥ ለጨዋታ የሚያባክኑት ሁለት ደቂቃ አልነበራቸውም። ከእንግሊዝ ጋር የድንበሩን ውል ሃሪንግተን የፈረሙት እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ድምፁ በውሉ ላይ ለውጥ አምጥቷል ብሎ መናገር አይቻልም። ንጉሡ ግን ያገኙትን መሣሪያ ሁሉ ለአገራቸው ጉዳይ ለማሰለፍ የማይቦዝኑ እንደ ነበሩ ሰሙ ይመሰክራል። በአማርኛ ሰም ሲባል ወርቁን መፈለግ ልማድ ነውና፣ የመልእክቱ ወርቅ መተማ ነበረች።

አንድ ነገር አይዘንጋ። ለንግሥቲቱ የተላከው ድምፅም ያለ ወረቀት መግባቢያ ሊሆን አይችልም። ለንደን ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ ሲሊንደሩ ትርጉሙን ከጎኑ ይዞ መሄድ ነበረበት። ብዙ ሰው ካርትሪጅን ሲያደንቅ በራሱ የቆመ ነገር አድርጎ ያየዋል። በእርግጥ ግን ከበስተጀርባው መሣሪያው፣ መመሪያው፣ ቋንቋውና የሚያውቀው ሰው አሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል የፕላስቲክ ሣጥን፣ ወይም የሰም ቱቦ፣ ብቻ ይቀራል።

በዚያው ዘመን በአውሮፓ ሲሊንደሩን የሚተካ ሌላ ነገር እየገፋ መጥቶ ነበር፤ ሰዎቻችን ሸክላ ያሉት ጠፍጣፋው ዲስክ። ሸክላ በፋብሪካ ከአንድ እናት ቅርጽ ብዙ ሺህ ጊዜ ሊታተም ይችላል፤ ለመደርደርም ለማጓጓዝም ይመቻል። ነገር ግን ባለቤቱ ሊቀርጽበት አይችልም። ኋላ በቤት ኮምፒዩተሮች ላይ የታየው የካርትሪጅና የካሴት ፉክክር እዚህ ላይ አስቀድሞ ተከናውኗል፤ የገበያውም ፍርድ ለሚባዛው እንጂ ለሚጻፍበት አልሆነም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ለመኪና ሙያ ወደ ጀርመን ከላኳቸው ወጣቶች አንዱ ተሰማ እሸቴ በዚያው አገር ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የኢትዮጵያ ሙዚቃ በገበያ የሚሸጥ ሸክላ ላይ የወጣው እንዲህ ነው። መኪና ለመማር የሄዱት ሰው ዛሬ በይበልጥ የሚታወሱት በዚያ ሸክላ መሆኑ የታሪክ ቀልድ ነው።

ምኒልክ በቀሩት የሥራ ዓመታት ብዙ አዲስ ነገር አስገቡ። የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ማለቂያ ድሬ ዳዋ ደረሰ፤ የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ተሾሙ፣ የመጀመሪያዋም አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባች። በስማቸው የተጠራው ዘመናዊ ትምህርት ቤትም በዚያው ሰሞን ተከፈተ። እነዚህ ሁሉ በሌላ ቦታ በሰፊው ተጽፈዋል።

በሽታው የጀመራቸው ግን በዚህ ሥራ መካከል ነበር። ከ1898 ዓ.ም. ወዲህ ተደጋጋሚ የአንጎል ደም መታወክ ደረሰባቸው፤ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ የመጣው ከሁሉ የበረታ ሆኖ አካላቸውን አሰነከለው፣ አንደበታቸውንም ያዘው። ትእዛዛቸው በሰው አፍ ይነገር ጀመር። ይህ ትእዛዝ በእርግጥ የንጉሡ ነው ወይስ የአልጋው ጠባቂዎች ሐሳብ የሚለው ጥርጣሬ ቤተ መንግሥቱን ከፋፈለው። በሰም ላይ የሰፈረው ድምፅ በባሕር ማዶ ሲኖር ባለቤቱ መናገር አቅቷቸው በአልጋ ላይ ነበሩ። እንዲህ ሆነው አራት ዓመት ያህል ቆይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸው ለረጅም ጊዜ በይፋ ሳይነገር ቆየ።

የድምፁ ዕጣ ከባለቤቱ የተለየ ሆነ። ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በጥር 1901 ሞተዋል፤ መልሱ ግን እንደ እርሳቸው መልእክት እንዲጠፋ ያዘዘ ስላልነበረ ተረፈ። የሰም ሲሊንደር ሥራ እየቀዘቀዘ ሄዶ የኤዲሰን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1929 ማምረቱን አቆመ። ከዚያ በኋላ በየመጋዘኑ የቀሩት ሲሊንደሮች ሊደመጡ የሚችሉት ከጊዜ ጋር እየተመናመኑ በሄዱት አሮጌ ፎኖግራፎች ነበር፤ በእነዚህ ማዳመጥ ደግሞ ፈሩን ይበላል። የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ዛሬ የሚደመጠው ከግልባጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ኢትዮጵያዊው የቋንቋ ሊቅ አብርሃም ደሞዝ የምኒልክን ቃል አዳምጠው፣ በጽሑፍ አስፍረው፣ በለንደን በሚታተም የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት መጽሔት ላይ አወጡት። ድምፁ ሩቅ ነው፤ ሰሙ ያንሾካሽካል፤ አንዳንድ ቃል በመርፌው ጩኸት ውስጥ ይሰጥማል። ሰባ ዓመት ያለፈውን አማርኛ ከዚያ ጩኸት ለይቶ በወረቀት ማስፈር የጆሮም የትዕግሥትም ሥራ ነው፤ ያለዚህ ሥራ ድምፁ ቢተርፍም የሚሰማው ጥቂት፣ የሚገባው ከዚያም ያነሰ በሆነ ነበር። ግልባጩን ያነሡትና ያስቀመጡት ሰዎች በታሪክ ውስጥ ስማቸው አይጠራም።

እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ተገልለው፣ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ወደ እንጦጦ ማርያም እንዲወጡ ተደረገ። ምኒልክ ዘውድ በደፉበት ደብር አጠገብ፣ በዚያው ብርዳምና ነፋሻ ተራራ ላይ፣ በጸሎት ኖረው በየካቲት 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዚያ ከፍታ በስተምሥራቅ ቁልቁል ሲታይ የየካ ሜዳና የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ይታይ ነበር፤ ከዓመታት በፊት በቀንድ ፊት ሆነው የተናገሩትን ቃል ተቀብለው የሸኙት ሰው መኖሪያ። ግቢው ዛሬም በዚያው በየካ ነው፤ ባሕር ዛፉ ግን አድጎ ከተራራው ላይ ሆኖ ለሚመለከት ጋርዶታል።